መፀውና ጓሮ፦ በስኬትና በውድቀት አመዘጋገብ ላይ የቀረበ ጥናት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳቡን ሰኔ 30 ይዘጋል። ጓሮ ግን በሰኔ ገና ችግኝ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጭቃው ኦዲተር አያስገባም። የጓሮ ሒሳብ የሚዘጋው መስከረም 26 ክረምቱ ወጥቶ መፀው ከገባ በኋላ ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱ ይጠናል፣ ባለጓሮውም አንድ ቀን ጠዋት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ብቅ ይላል። የዚህ ጥናት ርእሰ ጉዳይ ያ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረው ሰው ነው። አትክልቱ የተጠቀሰው ለማስረጃነት ያህል ብቻ ነው።

የጥናቱ ወሰን አዲስ አበባ ናት። በቆርቆሮ አጥር ውስጥ፣ ከሰርቪስ ቤትና ከልብስ ማስጫ በተረፈች መሬት ላይ የሚካሄደውን እርሻ ይመለከታል። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በተቆረጠ ጀሪካን የሚለማውም ተካቷል፤ ባለ ጀሪካኖች ስለ ምርታቸው የሚያወሩት ከባለ ግቢዎች እኩል፣ አንዳንዴም አብልጠው ስለሆነ እነርሱን መዝለል አልተቻለም።

ዋናው ግኝት ከወዲሁ ቢነገር ይሻላል። ባለጓሮ፣ ዝናብ ያበቀለውን በራሱ ስም ያስመዘግባል፤ የበሰበሰውን፣ የደረቀውንና የተበላውን ደግሞ በዘሩ፣ በአፈሩ፣ በጎረቤት ዶሮና በሰው ዓይን ሒሳብ ላይ ይጽፋል።

ድንችን እንመልከት። ድንችን ወደዚህ አገር ያስገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይጻፋል። ሺምፐር የሐምሌን ዝናብ ያማከረ አይመስልም። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው፣ ቅጠል የሚያጠቁረውና ሥር የሚያበሰብሰው ተሕዋስ የሚወደው ቅዝቃዜና እርጥበት ነው፤ የአዲስ አበባ ጓሮ ሁለቱንም ያለ ክፍያ ያቀርብለታል። ብዙ የደጋ ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ ድንቹን በበልግ ወይም በመስኖ መትከል ይመርጣል። ባለጓሮው ግን የሚተክለው ጓዳ ውስጥ የተረሳው ድንች ያጎነቆለ ዕለት ነው። ያ ዕለት በሰኔ ከዋለ በሰኔ ይተከላል። በጥቅምት ሲቆፈር የሚወጣው ከተቀበረው ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ መዝገብ ላይ «ለሾርባ የሚሆን» ተብሎ ይገባል። ይህ በዘርፉ የታወቀ መለኪያ ነው፤ ከባቄላ ከፍ፣ ከእንቁላል ዝቅ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል።

ባለጓሮዎች ድንቹን፣ በቆሎውን፣ ቃሪያውንና ዱባውን እያሳዩ «ይኼ የፈረንጅ አይደለም፣ የአበሻ ነው» ማለታቸው በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። አራቱም የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው። በዚያ መደብ ላይ ያለ ጥርጥር የአገር ልጅ የሆነው ጥግ ላይ ቀንድ አውጣ የሚበላው የአበሻ ጎመን ነው፤ እርሱን ግን ለእንግዳ ጠርቶ የሚያሳይ የለም።

ስለ ጎመን ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። የዚህ ተክል የዘር ሐረግ፣ ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የመጣ መሆኑ በ1935 እ.ኤ.አ. ዩ ናጋሃሩ በተባለ ተመራማሪ ታትሟል። ባለጓሮው ይህን ሳያነብ፣ በሐምሌ ችግኙን ነጥሎ ይተክላል፣ በነሐሴ ለፍልሰታ ይቀነጥሳል፣ መስከረም ላይ በበዓል ሥጋ ምክንያት ይረሳዋል። ጥቅምት ሲመጣ ጎመኑ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ወደ ላይ ተመዝዞ ቢጫ አበባ አብቧል። «ምነው ሳትቀጥፉት?» ተብለው የተጠየቁ ባለጓሮዎች ሁሉ የሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «ለዘር ነው የተውነው።» በነሐሴ፣ ጎመኑ ገና ለጋ ሳለ፣ ስለ ዘር ያነሣ መረጃ ሰጪ አልተገኘም። እንደ ጥናቱ ግምት «ለዘር የተተወ» የሚለው ርእስ በጓሮ መዝገብ ውስጥ ሰፊውን ቦታ ይይዛል፤ ያረጀ ሰላጣ፣ የነቀዘ ባቄላና ማንም ሊበላው ያልደፈረ ቀይ ሥር እዚሁ ነው የሚገቡት።

ያም ሆኖ በዚህ መልስ መቸኮልና መሳቅ አይገባም። የጎመን ዘር ተደቁሶ ምጣድ ያሰሳል። ከዚህም አልፎ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ አንድ ፋልከን 20 ጄት ከዚሁ ጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይም የቃንታስ አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ድረስ ሲሄድ ከነዳጁ 10 በመቶው ከጎመን ዘር የተገኘ ነበር። ስለሆነም «ለዘር ነው የተውነው» ያሉት ባለጓሮ ምጣዳቸውን ይሁን አቪዬሽኑን አስበው እንደሆነ ሳይጣራ ፍርድ መስጠት የጥናት ሥነ ምግባር አይፈቅድም።

ዱባ የተለየ ችግር ይዞ ይመጣል። በጥናቱ ከታዩት ዱባዎች ጥሩ አድርገው ያፈሩት ማንም ያልተከላቸው ናቸው፤ ከወጥ ቤት ከተደፋ ፍሬ፣ ቆሻሻ ክምር ላይ በቅለው፣ ማንም ሳይኮተኩታቸው፣ የቆርቆሮ አጥሩን ወጥተው ሄደዋል። ሰኔ ላይ «ይኼን አረም ንቀሉት» ይባል የነበረው ወፍ ዘራሽ፣ መስከረም ላይ ፍሬው የእንስራ ያህል ሲሆን «ዱባዬ» ይባላል። አስቸጋሪው አጥሩን አልፎ ጎረቤት ግቢ የሚያፈራው ነው። በዚህ ረገድ የተስተዋለው ልማድ ግልጽ ነው፦ ሐረጉ የጣሰው የጎረቤትን ጽጌረዳ ከሆነ ዱባው ወፍ ዘራሽ ነው፤ ያፈራው የሚበላ ዱባ ከሆነ ግን ባለቤት አለው።

ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት ውድቀት የላቸውም። ምክንያቱ ባለቤታቸው አይበላቸውም፤ ጎረቤት ነው የሚወስዳቸው። እሑድ ጠዋት ቡና ሲፈላ በሩ ይንኳኳል፦ «እትዬ፣ ጤና አዳም አለዎት አሉኝ፤ ሁለት ጫፍ ለጀበናዋ?» «ግቢ ልጄ፣ ቅጠፊ፣ የኔ ነው እንዴ፣ የሁላችን ነው።» እትዬ ይህን የሚሉት በሙሉ ልባቸው ነው። ማታ ለዘመድ ስልክ ሲደውሉ ግን «ሰፈሩ ሁሉ ከኔ ጓሮ ነው የሚጠቀም» ሲሉ ተሰምተዋል፤ ይህም በገቢ በኩል ተመዝግቧል። በአንድ ተክል ላይ ልግስናና ኩራት ሁለቱም የሚታጨዱበት ሌላ ሰብል አልታየም።

ለንጽጽር ያህል በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖችም ታይተዋል። እዚያ ሒሳቡን የሚዘጋው የመጀመሪያው ውርጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በጥቅምት አጋማሽና በኅዳር መጀመሪያ መካከል ይወርዳል። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ የጌሾው ተክል ከነበርሜሉ በሁለት ሰው ተይዞ ሳሎን ይገባል፤ ቴሌቪዥኑም ይነሣለታል። በሶብላዋ ግን ውጭ ትቀርና በአንድ ሌሊት ትጠቁራለች። ደረቅ በሶብላ ከአገር ቤት በመጣ ሰው ሻንጣ ስለሚገኝ ነው ይላሉ፤ ማብራሪያው አጥጋቢ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ጥቅምት ዝናቡ ሲያቆም እውነተኛው ፈተና ይጀምራል። ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ደረቅ አየር ስለሚስማማው የጎመኑን ቅጠል በታች በኩል ያለብሰዋል። ቧንቧ በፈረቃ ነው፤ የመጣችው ውሃ መጀመሪያ ለሮቶ፣ ቀጥሎ ለልብስ፣ ከዚያ ለወጥ ቤት ትሆናለች። መደቡ የሚደርሰው ሰሃን የታጠበበት ውሃ ነው። ባለጓሮው ክረምቱን ሙሉ «ውሃ ሳላጎድል ነው ያሳደግኩት» ሲል የነበረው እስከዚህ ሳምንት ድረስ ነበር፤ ከዚህ በኋላ «የዘንድሮ ዘር ደካማ ነው» ወደሚለው ይሸጋገራል። ሽግግሩ ፈጣንና ሰላማዊ ነው።

የቀረው ቲማቲም ነው። የመቂና የባቱ ሙቀት የሚያበስለው ቲማቲም የአዲስ አበባን ብርዳማ ሌሊት አይወድም፤ ቅጠሉ በክረምቱ እርጥበት ይቃጠላል፣ ያፈራውም አረንጓዴ እንደሆነ ኅዳር ይደርስበታል። የተጠኑት ባለጓሮዎች ይህን ባለፈው ዓመትም ያውቁት ነበር፤ ዘንድሮም ተክለዋል። አረንጓዴዎቹ ፍሬዎች ተለቅመው፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ ከሙዝ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሙዝ የሚያወጣው ጋዝ ሌላውን ፍሬ ስለሚያበስል ዘዴው ትክክል ነው። አንዲት ፍሬ ግን ተክሉ ላይ እያለች ቀላለች። ከመመዘኗ በፊት ወፍ ጎኗን ስለ ወጋት በስኬት ወይም በውድቀት ትመዝገብ ለሚለው ጥናቱ ገና ውሳኔ አልሰጠም። ባለቤቷ ያልተነካውን ጎኗን ፎቶ አንስተው ለዘመድ ሁሉ ልከዋል። አጠገቧ የሚታየው አውራ ጣት ለመጠን ማነጻጸሪያ የገባ ነው፤ የማን ጣት እንደሆነ ሲጠየቁ ግን የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጣት መሆኑን አልሸሸጉም።