የዱርቤቴ በርበሬ ስሙን ይዞ እንዲጓዝ የወጣ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የበርበሬ ጠላት፣ ሸክላ ፈጭቶ የሚቀላቅል፣ እሱ ጆሮውን ይድፈን!

በዱርቤቴ ዙሪያ፣ በደቡብ አቸፈር ማሳ ወገብ ጎብጦ የተለቀመ ዛላ ቡሬ ሲደርስ «የቡሬ»፣ ዓባይ በረሃን ሲሻገር «የጎጃም»፣ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ሲራገፍ «ልዩ» እየተባለ ዱርቤቴ በመንገድ ላይ ስለምትቀር፤

ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት የቡና ስሞች አሜሪካ እንዲመዘገቡ መንግሥት በ1997 ሲያመለክት፣ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ፣ ነገሩ በ1999 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በስምምነት ስላበቃ፤ በርበሬ ከቡና የሚያንሰው በጭስ ብቻ ስለሆነ፤

የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ባለቤትነትን የሚሰጠው «ስሙ ከአያቴ ጀምሮ የኛ ነው» ላለ ሳይሆን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ለያዘ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ምልክት ማለት ሕጉ እንደሚለው የሚታይ ነገር ነው፦ ቃል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቀለም፣ የማሸጊያ ቅርጽ። የተጨነቅነው እዚህ ላይ ነው። የኛ በርበሬ የሚለየው በማስነጠስ ነው፤ ማስነጠስ ደግሞ አይታይም። ከሦስት ቀን ስብሰባ በኋላ ግን እንባ እንደሚታይ ተደርሶበታል።

አንቀጽ 2፦ ምርቱ የተገኘበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ስም ለአንድ ነጋዴ የግል ምልክት አይሆንም። ስለዚህ «ዱርቤቴ»ን ለብቻዬ ላስመዝግብ ብሎ አዲስ አበባ የሚሳፈር ሰው የመሳፈሪያውን ይቆጥብ። «ምርጥ»፣ «አንደኛ»፣ «ቀይ» የሚሉም አብረውት ይውረዱ፤ ቀይ ያልሆነ በርበሬ ማን ሊሸጥ ነው? የበርበሬ አምራቾች ማኅበራችን ተስማምቶ የራሱን ቃልና ሥዕል ያውጣ። (ሥዕሉ ላይ የሊቀ መንበሩ ፎቶግራፍ እንዲሆን የቀረበው ሐሳብ በማሳል ውድቅ ሆኗል።)

አንቀጽ 3፦ ምዝገባ 7 ዓመት ይጸናል፤ ሲያልቅ ይታደሳል። መሬት ላይ የተሰጣ ዛላ ግን አንድ ዝናብ አይችልም፤ ይሻግታል። ስለዚህ ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ አስቀድሞ ማስጫ ቆጥ ይሥራ።

አንቀጽ 4፦ በስማችን ሸክላ የሸጠ ሰው በዚያው ዱቄት የተሠራ ዶሮ ወጥ አማቱ ፊት ተቀምጦ ይብላ፤ እንጀራ እንዳያንሰው።

አንቀጽ 5፦ ይህ አዋጅ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ስላልወጣ ገበያ መካከል፣ በርበሬ ሻጮች አጠገብ ይነበባል። አንባቢው ሳያስነጥስ ከጨረሰ በርበሬው የኛ አይደለምና ንባቡ እንደገና ይጀመራል።