ተረከዝ ላይ ጥለውን የሚሄዱ መጻሕፍት

ኧረ እነዚህ ካልሲ አሠራር የሚያስተምሩ መጻሕፍት መረሩን! ዳንቴል ስትሠራ ያደገች፣ ሹራብና ኮፍያ ሠርታ ልጆቿን ያለበሰች ሴት እንኳ ካልሲ ከመጽሐፍ ልማር ስትል መሐል መንገድ ላይ ትቀራለች። ጥፋቱ የእጇ አይደለም። መጽሐፉ ቀላሉን ነገር እየደጋገመ ያብራራና ጭንቁ ቦታ ላይ ሲደርስ በአንድ መስመር አልፎት ይሄዳል።

ጣጣው የሚጀምረው ከመርፌው ነው። ለካልሲ የሚሆነውን የ2.25 ሚሊ ሜትር መርፌ የአሜሪካ መጽሐፍ 1 ቁጥር ይለዋል፤ የድሮ የእንግሊዝ መጽሐፍ ደግሞ 13 ቁጥር። በአንዱ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይወፍራል፣ በሌላው ይቀጥናል። ሚሊ ሜትሩን አብሮ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ክሩም ያው ነው። መጽሐፉ 75 በመቶ ሱፍ፣ 25 በመቶ ናይለን የሆነ፣ 100 ግራሙ 400 ሜትር ገደማ የሚሄድ ቀጭን ክር ይፈልጋል። መርካቶ ገብተው የሹራብ ክር ቢጠይቁ የሚወጣልዎ በአብዛኛው ወፈር ያለ አክሪሊክ ነው። በዚያ ክር የመጽሐፉን 64 የክር ቀለበት መርፌው ላይ ይዞ የጀመረ ሰው ካልሲው እግሩ ላይ አይቆምለትም። ስሌቱ ግን ቀላል ነበር። ትንሽ ናሙና ሠርቶ በ10 ሳንቲ ሜትር ስንት ቀለበት እንደሚገባ መቁጠር ነው። 32 ከገባ፣ ዙሪያው 22 ሳንቲ ሜትር ለሆነ እግር 70 ይመጣል፤ ካልሲ ጠበቅ ማለት ስላለበት አንድ አሥረኛው ይቀነስና ለአራት እንዲካፈል 64 ይሆናል። ይህን የነገሩት ሰው ባገኘው ክር ይሠራል። መጻሕፍቱ ግን 64 የምትለዋን ቁጥር ብቻ ሰጥተውን ይሄዳሉ።

ይህም ይቻል ነበር። የማይቻለው ተረከዙ ነው። ካልሲው በአራት መርፌ ተይዞ በአምስተኛው እየተሠራ በዙር እስኪወርድ ድረስ ሰላም ነው። ከዚያ ከ64ቱ ግማሹ ይለይና ወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ 32 ረድፍ ይሠሩበታል፤ ይሄም ደህና። ቀጥሎ «ተረከዙን አዙሩ» ይመጣል። አንዱን ቀለበት ሳይሠሩ ማሳለፍ፣ 17 መሥራት፣ ሁለቱን አንድ ላይ መሥራት፣ አንድ ጨምሮ መሥራት፣ መገልበጥ። ሲመለሱ አንዱን ማሳለፍ፣ 5 መሥራት፣ ሁለቱን አንድ ላይ፣ አንድ ጨምሮ፣ መገልበጥ። ከዚያማ እስኪያልቅ እንዲሁ ቀጥሉ ተብሎ ነገሩ ይዘጋል።

አሥራ አንድ ቀለበት ሳይሠራ መርፌው ላይ ተቀምጦ ገልብጡ ሲባል የማይደነግጥ ማን አለ? ስህተት የሚመስለው ይህ ነገር ትክክለኛው አሠራር ነው። ተረከዙ ጎድጎድ ብሎ እግር የሚይዘው መሐሉ ከዳሩ ይልቅ ብዙ ረድፍ ስለሚሠራለት ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለምን ይነፍጉናል? ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ አንድ ላይ የሚሠሩት ሁለቱ፣ ሲገለብጡ ከተፈጠረው ክፍተት ወዲህና ወዲያ ያሉት መሆናቸውንም የሚናገር የለም። መጨረሻው ደግሞ የባሰ ነው። በየጎኑ የቀሩት 11 ቀለበቶች ሁለት ሁለት እየተነሡ በስተመጨረሻ አንድ ይቀራል። እሱን ከጎረቤቱ ጋር ካጣመሩ በኋላ «አንድ ጨምሮ» የሚሠራ ቀለበት የለም! ሠሪዋ የተሳሳተች ይመስላትና በትክክል የሠራችውን ትተረትረዋለች። «መርፌው ላይ 18 ከቀረ ትክክል ነው» ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ልፋት ያስቀር ነበር።

ፎቶውስ? ጥቁር ሰማያዊ ክር በደብዛዛ ብርሃን ተነሥቶ፣ ልናየው የፈለግነውን ቀለበት የሠሪዋ አውራ ጣት ሸፍኖት ይገኛል።

ምክንያቱ አይጠፋንም። ይህ ሙያ ከመጽሐፍ በፊት ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የኖረ ነው። ግብፅ ውስጥ ከመቶዎች ዓመታት በፊት የተሠሩ የጥጥ ካልሲዎች ተገኝተዋል፤ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ታተመ የሚባለው የረጅም ካልሲ አሠራር ግን የወጣው በ1655 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ነው። እኛም ዘንድ ዳንቴሉም ሹራቡም የተለመደው ከእናት፣ ከጎረቤት፣ ከእጅ ሥራ መምህርት ነው። አስተማሪዋ አጠገብ ስላለች «አይደለም፣ አምጪው» ብላ ከእጅ ተቀብላ ታሳያለች። መጻሕፍቱ ይህችን ሴት አጠገባችን ያለች አስመስለው ይጽፋሉ። ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ እንጂ ለማያውቅ ትምህርት አይሆኑም። መጽሐፍ የሚገዛው ደግሞ አስተማሪ ያጣ ሰው ነው።

አይቻልም እንዳይባል ተችሏል። የሹራብ ባለሙያዋ ኤልሳቤጥ ዚመርማን በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ሹራብን ከደረት ዙሪያ በመቶኛ እያሰሉ መሥራትን አስተምራለች። ያንን ያነበበ ሰው የሌላ ሰው ቁጥር አይጠብቅም፤ ባለው ክርና በራሱ ልክ ይሠራል።

ስለዚህ ለምታሳትሙ ሁሉ፣ በአማርኛ ለመጻፍ ለምትነሡ ባለሙያዎችም ጭምር፣ አደራችን ይህ ነው። በተረከዙ እያንዳንዱ ረድፍ መጨረሻ ስንት ቀለበት መቅረት እንዳለበት ጻፉልን። ፎቶውን ነጣ ባለ ክር አንሡት። ሱቅ በሚገኘው ክር ሥሩና ልኩን ንገሩን። ከሁሉ በፊት ደግሞ ረቂቁን ካልሲ ሠርታ ለማታውቅ ሴት ስጧትና ከጎኗ ተቀምጣችሁ ዝም በሉ። እጇ የቆመበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ፤ እንደገና መጻፍ ያለበት እሱ ነው።