ሴትዮዋ ቤት አገኘች?

«ይቺ ሴትዮ ዛሬም ቤት አላገኘችም?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ቡናዋን እየቆላች።

ሴትዮዋ ስልኬ ውስጥ ናት። በየማታው ለአንድ ሰውዬ ትደውላለች። ስሟን ፊደል በፊደል ትነግረዋለች፣ ስልክ ቁጥሯን ታስመዘግባለች፣ ስንት መኝታ ቤት እንደምትፈልግ ትዘረዝራለች። ባለቤቴ እንግሊዝኛ ባትሰማም የተከራይ ድምፅ ግን አይጠፋትም፤ በሐረርጌዋ ከተማችን በበደሳ ሦስት ቤት ቀያይረን ነው እዚህ የደረስነው። «ሦስት ወር ሙሉ ፍለጋ! ደላላው ነው እንዲህ የሚያለፋት» ብላ ፈረደች።

ነገሩን ለማሳጠር፣ አይኤልትስ ልፈተን ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው እንግሊዝኛ መቻሉን በወረቀት አሳይ ይባላል፤ ወረቀቱ ደግሞ ይኸው ነው። ወሬው ሲሰማ ጓደኞቼ ሳቁ። «አንተ ደግሞ ምን ትፈተናለህ? አንተ ፈታኝ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ማንበቡም መጻፉም አላስቸገረኝም፣ መናገሩንም ከሰው እኩል እናገራለሁ። የማዳመጡን መለማመጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ግን ከ40 ያገኘሁት 13 ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ተማሪዎቼ እንዲህ ሲያመጡ ወላጅ አስጠራለሁ።

ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ በየክፍሉ 10 ጥያቄ፣ ሁሉም ተደምሮ 30 ደቂቃ ያህል። ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግሊዙ ይመጣል፣ አውስትራሊያዊው ይመጣል፣ አሜሪካዊቷ ትመጣለች፤ ሁሉም የየራሱን አፍ ይዞ ያልፋል። እንደ ጫት መኪና በለው። በሰዓቱ መንገድ ዳር ቆመህ ካልጠበቅከው ለማንም አይቆምም፤ ያመለጠህ ደግሞ በማግስቱ አይሸጥም።

እኛ እንግሊዝኛ ማዳመጥ የት ተማርን? መማሪያ መጽሐፉ በየምዕራፉ የማዳመጥ ትምህርት አለው። የሚደመጠው ጽሑፍ ግን የሚገኘው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። ቴፕ የለም፤ ቴፑ እኔ ነኝ። ክፍል እገባለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ አነባለሁ። ልጆቹ ካልገባቸው እደግመዋለሁ። አሁንም ካልገባቸው ቃል በቃል እየቆራረስኩ አጎርሳቸዋለሁ። የባሰ ቀን በኦሮምኛ እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ ሁሉም መልሱን ያገኙታል፣ እኔም በማዳመጥ ችሎታቸው ኮርቼ እወጣለሁ። አገር አቀፉ ፈተና ደግሞ ጆሮ የለውም፤ በጽሑፍ ይመጣል፣ በጽሑፍ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዳመጥኩት የራሴን እንግሊዝኛ ነው። በደሳ ተወልዶ በደሳ ያደገ፣ ባሕር ቀርቶ አዋሽን ያልተሻገረ፣ «አልገባንም» ሲሉት የሚቆም፣ ጨዋ እንግሊዝኛ።

እርግጥ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሌላ ድምፅ አውቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባላቸው ለእኛም ደረሰን። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ መምህራችን ጥግ ቆሞ እንደኛው ያያል። የፕላዝማው ሰውዬ ጥያቄ ይጠይቀንና ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል። ስልሳ ልጅ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ከዚያ ሰውዬው ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» ይለናል። ማንም ምንም ሳይመልስ! በሕይወቴ እንደዚያ ሰውዬ በእኔ ያመነ ሰው አላየሁም። ዛሬ ሳስበው የአይኤልትስ የማዳመጥ ፈተና ማለት «ቬሪ ጉድ» የማይል ፕላዝማ ነው።

ልምምዱን ጀመርኩ። ድምፆቹን ከአንድ ወዳጄ በሚሞሪ አስገለበጥኩ። የጆሮ ማዳመጫዬ የግራው አይሠራም፤ እንግሊዝን የምሰማው በግማሽ ነው። ፀጥ ያለ ቦታ ማግኘት ግን ከእንግሊዝኛው ይብስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤቱ ይነሳል፣ ባጃጁ ይንጫጫል፤ አመሻሽ ላይ አዛን አለ፣ የበዓል ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ማኅሌት ያድራል። ለሁለቱም «ቀንሱልኝ፣ እንግሊዞች እያወሩ ነው» አይባልም። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት መላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጋቢ ተከናንቦ መቀመጥ ነው። በዚያ ሰዓት የሚናገሩት ሴትዮዋና ጅቡ ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱ ጅቡ የሚለው ቶሎ ይገባኛል።

አሁን ዋናውን ጉዴን ልናገር። እኔ የቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ልጅ ነኝ። በቁቤ የመጀመሪያዋ ፊደል «አ» ነው የምትባለው፤ እንግሊዝ «ኤ» የሚላት። እንግሊዝ «ኢ» የሚላትን እኛ «ኤ» እንላታለን፤ «አይ» የሚላት ደግሞ ለእኛ «ኢ» ናት። ሳነብና ስጽፍ አይምታታብኝም። በጆሮ ሲመጣ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተቀመጠው ቁቤ ቀድሞ ብድግ ይላል። ሴትዮዋ ስሟን ስትነግረው «ቤከር፤ ቢ፣ ኤ፣ ኬ፣ ኢ፣ አር» አለች። ጻፍኩ። መልሱን ሳመሳክር ኤክስ። ደግሜ አዳመጥኩ፣ ደግሜ ያንኑ ጻፍኩ። በሦስተኛው የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ሳነበው «ቤኪር» ይላል።

ቤኪር! እኛ ሰፈር ብቻ ሦስት ቤኪር አለ። እንግሊዛዊቷ በአንድ ሌሊት የሐረርጌ ሰው ሆና አደረች። ለባለቤቴ ብነግራት ትንሽ አሰበችና፣ «ቤት የከለከሏት ለካ ለዚህ ነው፤ በወንድ ስም እየተመዘገበች» አለችኝ።

ከፊደሉ ቀጥሎ ሰዓቱ መጣ። ሰውዬው «ናይን ተርቲ» ይላል። እጄ ወዲያው ሦስት ሰዓት ተኩል ብሎ ይጽፋል። መልሱ ለበደሳ ትክክል ነው፤ በዚያ ሰዓት ብትመጣ ሰውየውን ታገኘዋለህ። ለእነሱ ግን ስህተት ነው። ደሞ ችኮላቸው! ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ስልክ ተደዋውለው «ሃሎ» ከተባባሉ በኋላ ቀጥታ አድራሻ ይጠያየቃሉ። ጤና የለ፣ ቤተሰብ የለ፣ ከብት የለ፣ ዝናብ የለ። የእኛ ሰው ቢደውል ሰላምታው ብቻ ሙሉ ክፍል አንድን ይጨርሰው ነበር፤ እኔም እስከዚያ ጥያቄዎቹን አንብቤ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣ ተደላድዬ እጠብቅ ነበር።

ካርታውም አለ። «በሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ከካፌው ፊት ለፊት» ይላሉ። እኔ የማውቀው አቅጣጫ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ከመስጊዱ ከፍ ብሎ፣ ከወፍጮው ዝቅ ብሎ ነው። ካርታውን ትቼዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ያወጣኝ ጎረቤቴ የሆነ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአባቱ ጋር ጫት ተራ ያረፍዳል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኳስ የሚታይበት ቤት ያመሻል። የሰዋስው ውጤቱን አልናገርበትም። ጆሮው ግን ጉድ ነው፤ የፕሪሚየር ሊግን ኮሜንታተር ከጩኸትና ከፉጨት መሐል ሲሰማ ያደገ ነው። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ሳዳምጥ አጠገቤ ቁጭ አለ። ድምፁ ውስጥ አንዷ ልጅ «ማክሰኞ እንገናኝ» አለች፤ እኔ ማክሰኞን ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛዋ «ማክሰኞ አይመቸኝም፣ ሐሙስ ይሁን» አላት፤ እኔ ግን ማክሰኞን ጽፌ ወደሚቀጥለው ሄጃለሁ።

«አቦ ቲቸር፣ አንተ ደግሞ ትቸኩላለህ!» አለኝ። (ሐረርጌን ለማያውቁ፦ እኛ ዘንድ «አንተ» ንቀት አይደለም። «አንቱ» ቢለኝ ነበር የምደነግጠው።) «የመጀመሪያውን ዋጋ ማን ይጽፋል?»

«የምን ዋጋ?»

«ጫት ተራ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ለአፍ ማሟሻ ነው። ሻጩ ሰማይ ይሰቅለዋል፣ ገዢው መሬት ይጥለዋል። ሄድኩ ይላል፣ ይመለሳል። ዝም ብለህ ታያለህ። እጅ ለእጅ ሲመቱ ነው ዋጋው። እነዚህም እጅ እስኪመቱ ጠብቅ።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን የማስተማሪያ ዘዴ በአንድ ትንፋሽ አወረደልኝ። እውነትም ፈተናው የተሠራው እንዲሁ ነው። አንድ ቀን ይጠሩና ይተዉታል፣ አንድ ቁጥር ይናገሩና «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ይላሉ፤ ወረቀትህ ላይ እንዲያርፍ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግሊዞቹን የጫት ዙርባ ይዘው እንደቆሙ ነጋዴዎች አያቸው ጀመር። ነጥቤ ከ13 ወደ 21 ወጣ።

ልጁ ሌላም አስተማረኝ። እንግሊዞች መርከብን «ሺፕ» ይላሉ፣ በግንም «ሺፕ» ይላሉ። በአማርኛ ስጽፋቸው እንደምታዩት አንድ ናቸው፤ በጆሮዬም አንድ ነበሩ። እሱ ግን «በጉ ይሳባል» አለኝ። «በኦሮምኛ ‹ብረ› ብትል አጠገብ ነው፤ ከሳብከው ግን ቢራ ይመጣል። በቃ፣ በጉ ቢራው ነው።» እኔ ቁቤ የተማርኩ፣ አናባቢ ስስብ ያደግሁ ሰውዬ! በኦሮምኛ አጠገቤና ቢራዬ ተምታተውብኝ የማያውቁ፣ እንግሊዝኛ ሲሆን በግ ተሳፍሬ ባሕር እሻገር ነበር። አንዱ ቋንቋ የሰጠኝን ጆሮ ሌላው ደጃፍ ላይ አውልቄ ነበር ለካ የምገባው።

በራስ መተማመኔ በተመለሰበት ሰሞን አራተኛው ክፍል ጣለኝ። አራተኛው ክፍል የዩኒቨርሲቲ ሌክቸር ነው፤ አንድ ሰው ያለ ዕረፍት ይናገራል። የዚያን ሌሊቱ መለማመጃ ስለ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስለ ቡና! እኔ የበደሳ ልጅ፣ ቡና ደጃፉ ላይ ሲሰጣ ያደግሁ፣ ቅጠሉን ቁቲ ፍሬውን ቡና ብዬ የጠጣሁ! ማዳመጫውን ነቅዬ ሁሉ መሥራት እችል ነበር። ችግሩም እሱ ሆነ። ሰውዬው ገና ኢትዮጵያን በአንድ ዓረፍተ ነገር አንስቶ ወደ የመን ሲሻገር ደሜ ፈላ። «ቆይ እንጂ፣ ወዴት ትሄዳለህ?» አልኩት፣ ከጋቢው ሥር። የሐረር ቡና ሳይታጠብ በፀሐይ እንደሚደርቅ ልነግረው ፈለግሁ፤ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት መትከሉን፣ ጫት በዓመት ደጋግሞ ስለሚታጨድ ከእጅ ላይ ገንዘብ እንደማያጠፋ ላስረዳው ፈለግሁ። እኔ ሳስረዳው እሱ ሞካ ወደብ ደርሶ፣ አውሮፓ ገብቶ፣ ለንደን ካፌ ከፍቶ ጨርሷል። ከ10 ሁለት አገኘሁ። ስለማላውቀው የባሕር ዛጎል በሰማሁት ሌክቸር ስድስት አግኝቻለሁ።

የፈተናው ቀን ደረሰና ወደ አዲስ አበባ ወጣሁ። ከበደሳ በኩኒ አድርጌ ጭሮ ደረስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን እስኪወርዱ ድረስ በድሮ ስሟ «አሰበ ተፈሪ» እንዳሉ ነው። ከዚያ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ አዳማ፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ሾፌሩ እስከ አዋሽ ድረስ አንድ ዘፈን ደጋግሞ ከፍቶልናል። በፈተናው አንዴ፣ በመኪናው አርባ ጊዜ፤ የምን ፍርድ ነው?

ፈተናው ላይ ሁለት ጆሮ የሚሠራ ማዳመጫ ሰጡኝ። በመጀመሪያው ደቂቃ የግራ ጆሮዬ ግር ብሎት ነበር፤ ሥራ ፈትቶ ከርሟል። ስሙን ፊደል በፊደል ሲጠሩት «ኢ» ስትመጣ «ተው፣ ቁቤ አይደለም» ብዬ ራሴን ገሠጽኩ፤ እስክገሥጸው ሁለት ፊደል አለፈ። ዋጋ ሲጠሩ ዝም ብዬ አየሁ፣ እጅ ሲመቱ ጻፍኩ። ስለ ቡና አልመጣም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ውጤቱ 6 ሆነ። የሚፈለገው 6 ተኩል ነበር። አሁን ተኩሏን ፍለጋ እንደገና እመዘገባለሁ።

ከፈተናው የተመለስኩ ማታ ባለቤቴ ቡና አቀራርባ ጠበቀችኝ። ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ጠየቀችኝ። ቀጥላ፣

«ሴትዮዋስ? ቤት አገኘች?»

«እሷ አልመጣችም» አልኳት። «ሌላ ሰውዬ ነው የመጣው፤ ሻንጣ ጠፍቶበት።»

«ምስኪን። እሷስ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሦስት ወር ሙሉ ቤታችን ስትገባ ስትወጣ ከርማ፣ መጨረሻዋን ሳታውቅ ተውካት?» ብላ በትዝብት አየችኝ። «በል ስልክህን አምጣው።»

ከፈትኩት። ሴትዮዋ እንደወትሮዋ «ሃሎ» አለች። ባለቤቴ የቡና ምጣዱን ከእሳቱ ገለል አድርጋ ጠጋ አለች፤ እኔም እርሳሴን አነሳሁ።