ቤት ለእንግዳ!

ውድ አንባቢ፣ ኮምፒውተርዎ የሚሠራው በሊኑክስ ከሆነ ስለ እንግዳ አቀባበሉ አይጨነቁ፤ እናቱ በደንብ ነው ያሳደገችው። በዩኤስቢ ቀዳዳ የመጣ ሁሉ ይገባል። «ፍላሽ ነኝ» ያለ ፍላሽ ነው፣ «ኪቦርድ ነኝ» ያለ ኪቦርድ ነው፤ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች ላስ ቬጋስ በተካሄደው የብላክ ሃት ጉባኤ ላይ፣ ተራ ፍላሽ ፈርምዌሩ ከተቀየረ ኪቦርድ መስሎ ትእዛዝ መጻፍ እንደሚችል አሳይተዋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ጸሐፊ በነፃ ተገኘልዎ ማለት ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰውን ፍላሽዎን በሙሉ ልብ ይሰኩ።

መስተንግዶው በዛ የሚሉ ጠርጣራ ከሆኑ ግን፣ ከርነሉ ለእያንዳንዱ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ «ኦተራይዝድ ዲፎልት» የሚባል ፋይል አስቀምጦልዎታል። በሩት አካውንት ገብተው 1 የነበረውን 0 ያድርጉት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንግዳ ስሙ ተመዝግቦ በር ላይ ይቀመጣል፤ በገዛ ፋይሉ ላይ 1 ካልጻፉለት አይገባም። ቀድሞ የገባውን የሚነካው የለም።

እኔም ይህንኑ አድርጌ ኮራሁ። ኩራቴ የቆየው እግሬ ከጠረጴዛው ሥር የሃቡን ገመድ እስኪነቅለው ነው። ኪቦርዱም ማውሱም እዚያ ሃብ ላይ ነበሩ። መልሼ ሰካሁት፤ የነምሎኳ መብራት እንኳ አልበራችም። ኪቦርዱን ለማስገባት 1 መጻፍ አለብኝ፤ 1 ለመጻፍ ደግሞ ኪቦርድ ያስፈልገኛል። የገዛ ቤቴ ዘበኛ እኔኑ «ማን ልበል?» አለኝ። ከሩብ ሰዓት ፍጥጫ በኋላ ማጥፊያውን ተጭኜ ገላገልኩት። ሲነሣ 0ዋን ረስቶ ወደ 1 ተመልሷል፤ እዚያ ፋይል ላይ የተጻፈ ነገር ከሪስታርት አያልፍም።

ቋሚ ዘበኛ ካማረዎት ዩኤስቢጋርድ የተባለውን ፕሮግራም ይጫኑ። መጀመሪያ ኪቦርድዎና ማውስዎ እንደተሰኩ «ጀነሬት ፖሊሲ» በሚለው ትእዛዝ ያስመዝግቧቸው፤ አገልግሎቱን የሚያስነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ማከማቻም ኪቦርድም ነኝ የሚል ባለሁለት ፊት ፍላሽ ሲመጣ እንዲመልሰውም ሕግ ይጻፉለት። መለያውንና ሲሪያል ቁጥሩን የሚናገረው እንግዳው ራሱ መሆኑን ግን ለዘበኛው አይንገሩት፣ ይከፋዋል። ደግሞ ያቺን ባለ ክብ መሰኪያ የድሮ ኪቦርድ ለቆራሌው እንዳይሰጡብኝ፤ እሷ ዩኤስቢ ስላልሆነች ይህ ሁሉ ሕግ አይመለከታትም።