«ስንት አመጣህ?» ይሉኛል በዚህ ዕድሜዬ

በእኛ ጊዜ የሰው ጅልነት የሚታወቀው ቀስ በቀስ ነበር። በሬ ሲሸጥ ታየዋለህ፣ ለሽምግልና ተቀምጦ ሲናገር ትሰማዋለህ፣ ሚስት ሲያጭ ትታዘበዋለህ። ያኔም ቢሆን አፍህን ሞልተህ «ጅል ነው» አትልም፤ «የዋህ ነው» ብለህ ታልፋለህ። ዛሬ ግማሽ ሰዓት ይበቃል አሉ! ቁጭ በል፣ ይህን ሙላ፣ ያንን ቅርጽ አዙር፣ ቁጥርህ ዱብ ይላል። ከስኳሬና ከደም ግፊቴ ሌላ የምፈራው ቁጥር አንሶኝ ነው መሰለኝ።

የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና «አባባ፣ እስቲ ይሞክሩት» አለችኝ። በሳጥን ውስጥ ሦስት ጥቁር ነጥብ፣ በሚቀጥለው ሁለት፣ ከዚያ ባዶ ሳጥን፤ ምን ይከተላል? ከላይ ደግሞ ሰዓቱ ቁልቁል ይቆጥራል። መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ ጥያቄው አለፈኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እየተባልን ያደግን ሰዎች በስተርጅና ያልቸኮለ ደደብ ነው ተባልን። ስንት እንዳመጣሁ እኔ አልናገርም፤ ልጅቷ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች፣ ከነሱ ጠይቁ።

ተናድጄ ይህን አእምሮ መለካት የሚሉትን ነገር ማን እንደጀመረው አስነበብኳት። (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ በ1884 ለንደን ኤግዚቢሽን ላይ ሦስት ሦስት ፔኒ እያስከፈለ የሰውን የጭብጥ ጉልበት፣ የዓይንና የጆሮውን ንቃት ይለካ ነበር። የነቃ ጆሮ የነቃ አእምሮ ምልክት ነው ብሎ አስቦ። የእኔን ጆሮ ቢለካ ኖሮ ፔኒዬን መልሶልኝ ያባርረኝ ነበር።

አልፍሬድ ቢኔ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱን አልወቅስም። በ1905 ፓሪስ ውስጥ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር 30 ፈተናዎች ያሰናዳው በትምህርት የደከሙ ሕፃናትን ለይቶ ለመርዳት ነው። የመጀመሪያው፣ የተለኮሰ ክብሪት ሲንቀሳቀስ ልጁ በዓይኑ ይከተለዋል ወይ የሚል ነበር። የሰው አእምሮ አንዴ ተሰፍሮ የተሰጠና የማይጨምር ነው የሚሉትንም አጥብቆ ይቃወም ነበር። ምን ያደርጋል፣ በ1911 ሞተ። በዓመቱ ጀርመናዊው ዊሊያም ስተርን «የአእምሮ ዕድሜ ለልደት ዕድሜ ይካፈል» አለ፤ አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን ደግሞ በ1916 በ100 አባዛውና አይኪው የሚሉት የብልህነት ቁጥር ተወለደ። የእኔን የልደት ዕድሜ ከሥር አስገቡና ምን እንደሚወጣ አስሉት እንግዲህ! ደግነቱ ዴቪድ ዌክስለር በ1939 ለአዋቂ የሚሆን ሌላ ስሌት አመጣ፤ ሰውን ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ማወዳደር ተጀመረ። የእኔ እኩዮች ያሉበትን ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።

ጉዱ ያለው አሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። በ1917 ሮበርት የርክስ የሚባል ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ፈተና አወጣ፤ 1.7 ሚሊዮን ያህል ምልምል ተፈተነ። ለፊደል ቆጣሪው የቀረበለት አንዱ ጥያቄ ይኸውላችሁ፦ ክሪስኮ ምንድን ነው? መድኃኒት፣ ፀረ ጀርም፣ የጥርስ ሳሙና ወይስ ምግብ? ክሪስኮ ሱቅ የሚሸጥ የማብሰያ ስብ ነው። ከሲሲሊ መንደር በወይራ ዘይት ያደገ ልጅ ይህን ካላወቀ አእምሮው ጎደለ ማለት ነው? ላልተማረው ደግሞ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ሥዕል ሰጥተው የጎደለውን ሙላ አሉት። እኔ ብሆን የጎደለው ሥራ ነው ብዬ እሞላ ነበር። ሰው የራሱን ቁና ይዞ የሌላውን ጤፍ ከሰፈረ፣ ጎደለ ማለቱ አይቀርም። ካርል ብሪገም የሚባል ሌላ ሊቅ በ1923 የዚህን ፈተና ውጤት ይዞ የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓ ስደተኛ በአእምሮ ያንሳል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በ1924 ለእነዚሁ ሰዎች በሩን የሚያጠብብ ሕግ ወጣ። ብሪገም ሐሳቡ መሠረት እንደሌለው አምኖ የሻረው በ1930 ነው። ድንቄም ሊቅ!

ተርማንም ቢሆን በካሊፎርኒያ ብልህ ሕፃናትን እየለቀመ ዕድሜ ልካቸውን ሲያጠና፣ ዊሊያም ሾክሌይንና ሉዊስ አልቫሬዝን ነጥባችሁ አልደረሰም ብሎ መልሷቸዋል። ሁለቱም አድገው የፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ።

ከዚያ በ1983 ሃዋርድ ጋርድነር ብልህነት አንድ ሳይሆን ሰባት ነው ብሎ መጣ፤ የቋንቋ፣ የሙዚቃ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ... በኋላም ተፈጥሮን የማወቁን ጨምሮ ስምንት አደረሰው። ብዙ የሥነ ልቦና ሰዎች ማስረጃው የሳሳ ነው ይሉታል፤ እናቶች ግን ወደውታል። ሒሳብ የወደቀው ሁሉ አሁን በእግሩ ሊቅ ነው። ማማረርን ዘጠነኛ ቢያደርገው እኔም አንድ ነገር በወጣኝ።

ሆዴን የቆረጠኝ ግን ጄምስ ፍሊን የሚባል ተመራማሪ ስሌት ነው። በብዙ አገር የፈተናው ውጤት በየ10 ዓመቱ 3 ነጥብ ያህል ሲጨምር እንደኖረ አሳየ። እንግዲህ ወደ ኋላ ተቀናንሶ ሲሄድ፣ የዘር ሐረጋቸውን በቃላቸው እየቆጠሩ ርስታቸውን በችሎት ያስመለሱት አያቴ ለዘበኝነትም አይበቁም ማለት ነው። ፍሊን ራሱ እንኳ እንደዚያ አላለም። አያቶቻችን ደደቦች ሳይሆኑ ነገርን በዓይነት በዓይነቱ መመደብን ሥራዬ አላሉትም ነው የሚለው።

ለዚህ ላይቤሪያ ያሉት የክፔሌ ገበሬዎች ምስክር ናቸው። ተመራማሪዎች ሄደው ምግብ፣ ልብስ፣ መሣሪያና የምግብ ዕቃ የተቀላቀለበት 20 ነገር ፊታቸው ዘርግተው አብሮ የሚሄደውን ለዩ አሏቸው። ገበሬዎቹ ቢላዋውን ከብርቱካኑ ጋር አስቀመጡ፤ ይቆርጠዋላ! አስተዋይ ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው አሉ። በመጨረሻ ግራ የገባው ተመራማሪ «እሺ፣ ጅል ሰው ቢሆን እንዴት ይለየው ነበር?» አላቸው። ምግቡን ከምግብ፣ ልብሱን ከልብስ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ በአራት መደብ አሳምረው ደረደሩለት። ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው እሱ ነበር።