ማውሱ ተቆጥሯል

ንፋስ መውጫ ላይ አዲስ ኮምፒውተር ለመሥሪያ ቤት ሲገባ ያላየ ሰው ርክክብ አውቃለሁ አይበል። ዕቃው ከደብረ ታቦር ተጭኖ፣ የጉናን ብርድ ተሻግሮ ይደርሳል። ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ይረከበዋል፤ ባለሙያው ሞዴል 22 ላይ ፈርሞ ይወስደዋል። ስክሪን አንድ፣ ኪቦርድ አንድ፣ ማውስ አንድ። ማውሱ ቢጠፋ ከደመወዝ ይቆረጣል። ንፋስ መውጫ ያለችበት ላይ ጋይንት ከሴፍቲኔት ወረዳዎች አንዱ ነው፤ የተረጂዎቹ ዝርዝር ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር ቢጠፋ ግን ከማን ይቆረጣል? ዝርዝሩ ሞዴል የለውማ!

ፋይል የምናስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዴስክቶፕ ከዓይን አይርቅም፤ ከዓይን ያልራቀ ነገር ደግሞ ምን ይሆናል? «ኒው ፎልደር» አለ፣ በውስጡ ሌላ «ኒው ፎልደር»፣ በዚያ ውስጥ «የመጨረሻ ሪፖርት»፣ ከጎኑ «የመጨረሻው መጨረሻ»። ዴስክቶፕ ያለው ሲ ድራይቭ ውስጥ ስለሆነ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል የሚል አሟራች አይታጣም። እሱን ዝም ማሰኘት ነው።

ጥንቁቆችም አሉን፣ አንካድ። ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ፍላሹ ትናንት ፎቶ ኮፒ ቤት ውሎ፣ ማታ የሠርግ ቪዲዮ ሲያመላልስ ያደረ ነው። ቫይረሱም ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ ያስረክባቸዋል።

ፋይሉ በደህና ከደረሰ እውነተኛው ድግስ ያኔ ይጀመራል። የቆዩት ደብዳቤዎች የተተየቡት በቪዥዋል ግዕዝ ነው። በዚያ ዘመን ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቁጥር ስላልነበረው፣ ሶፍትዌሩ የላቲኑን ቦታ ተውሶ መልኩን ብቻ በፎንት አማርኛ ያደርገው ነበር። ፎንቱ ያልተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ላይ ቃለ ጉባኤው የላቲን ፊደልና የነጥብ ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። ታዲያ ቃለ ጉባኤው ጠፋ አይባልም፤ አለ፣ አይነበብም እንጂ። ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፎንት ይዞ ይመጣል። የድሮውን ፋይል ወደ ዩኒኮድ ለመቀየር ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈን፤ እኛ ደግሞ የችኮላ ሥራ አንወድም።

ከፎርማት ያመለጠው አሮጌ ኮምፒውተር ስቶር ገብቶ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴን ይጠብቃል። ሃርድ ዲስኩ ከነፋይሉ ሆዱ ውስጥ ነው። ብሎኑን ፈትቶ በኬብል ከአዲሱ ጋር ማገናኘት ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ነገር ግን ሃርድ ዲስክ ማውጣት ንብረት ማጉደል ነው! ስለዚህ ጸሐፊዋ የዓመታት ሥራዋን ከወረቀት ላይ እንደ አዲስ ትተይባለች። ፋይሉ ግድግዳ ተሻግሮ ስቶር ውስጥ ሕጋዊ እንቅልፉን ይተኛል፤ ኦዲተር ቢመጣ አንድም ብሎን አልጎደለም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ አሮጌዎቹ በአዲስ ሲቀየሩ ይህ የርክክብ ወግ ገና በየቢሮው ይደገማል።

የንብረት ክፍል ኃላፊዎች፣ በእናታችሁ፣ የርክክቡ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ጨምሩልን፦ «ፋይል፣ ሁለት ቦታ ተቀድቶ፣ አዲሱ ላይ ተከፍቶ የተነበበ»። አስረካቢም ተረካቢም ሳይፈርሙባት አሮጌውን ፎርማት የሚያደርግ እጅ ይሰብሰብ።