በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ የቤት ግድግዳን ጋዜጣ ስለ ማልበስ የወጣ አዋጅ

መግቢያ

በሰቆጣና በዙሪያዋ ደጋ የነባሩ ቤት ግንብ ድንጋይ፣ ማያያዣውም ጭቃ በመሆኑ፤ ጭቃ ሲደርቅ እየተፈረፈረ በአልጋም በመሶብም ላይ ስለሚረግፍ፤

ይህን አፈር በመያዝ ረገድ አሮጌ ወረቀት ከብዙ መመሪያ የተሻለ ውጤት ማሳየቱ ስለ ተረጋገጠ፤

ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ አዋጅ ከነጋሪት ቆዳ ወደ ወረቀት ስለ ተዛወረ፤ ነጋሪት የማይለጠፍ፣ ወረቀት ግን የሚለጠፍ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ጋዜጣ» ማለት ስኳርና በርበሬ ከመጠቅለል የተረፈ ማንኛውም የታተመ ወረቀት ሲሆን፣ መጽሔትንና ያለፈበትን የቀን መቁጠሪያ ይጨምራል።

ለ) «ሥልጣን ያለው አካል» ማለት የቤቱ እመቤት ናት።

ሐ) «አስፈጻሚ» ማለት በርጩማ ላይ ቆሞ ሉሁን የሚይዝ፣ «ትንሽ ወደ ግራ» ሲባልም የሚታዘዝ ባል ነው።

መ) «መዝገብ ቤት» ማለት በቤቱ ውስጥ ፊደል የለየ የመጀመሪያው ልጅ ነው።

ሠ) «ዎልፔፐር» ማለት በከተማ ሱቅ በጥቅል የሚሸጥ፣ ብዙውን ጊዜ 53 ሳንቲሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ያለው፣ አበባ እንጂ ወሬ የሌለበት ወረቀት ነው።

አንቀጽ 2፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በጭቃ በተመረገ መኖሪያ ቤት ሁሉ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ የሚገኘው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከቋጥኝ የተፈለፈለ ስለሆነ፣ የሚረግፍ ምርጊትም ስለሌለው፣ ከግዴታው ነጻ ነው።

አንቀጽ 3፦ የወረቀት ማዕረግ

1. በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን በዕድሜው ቅድሚያ ያገኛል። ስሙ አዲስ ቢሆንም ለግድግዳ የሚፈለገው ሲያረጅ ነው። ሉሁ ሰፊ፣ ወረቀቱም ሙጫ የሚጠጣ ነው። በባሕር ዳር የሚዘጋጀው በኲር ይከተለዋል።

2. በኽምጣና ቋንቋ የታተመ ወረቀት በተገኘ ጊዜ ማዕረግ ሳይጠየቅ በልጅ ዓይን ልክ ይለጠፋል።

3. መጽሔት ያብረቀርቃል፤ ሙጫም ስለማይጠጣ ጠርዙ ቶሎ ይነሣል። ይሁን እንጂ ቀለም ስላለው እንግዳ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት ተፈቅዷል።

4. ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ስለያዘ አንድ ሉህ ለሁለት ቋንቋ ይበቃል። ሕግ ሲያነብ የሚያንቀላፋ ሰው ስላለ ከአልጋ ራስጌ እንዲሆን ይመከራል።

አንቀጽ 4፦ ሙጫ

1. ሙጫ ከስንዴ ዱቄት ይሠራል። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ በፈላ ውኃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል። ሙቀት ሲያገኘው በውስጡ ያለው ስታርች ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲደርቅም ወረቀቱን ከጭቃው ጋር ያስራል። ከአጥሚት ወፍሮ፣ ከገንፎ ቀጥኖ ሲገኝ ከእሳት ይወርዳል።

2. ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የሚመጣ የአሞሌ ጨው ገበያ ሆና የኖረች ብትሆንም፣ ጨው ወደ ሙጫ አይገባም፤ እርጥበት ይስባልና።

3. መሶብ ከግድግዳ ይቀድማል። እህል በተወደደበት ዓመት ግድግዳ ይጾማል። ጾሙም እንደ ችግር ሳይሆን እንደ በጀት ማስተካከያ ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረጋል።

አንቀጽ 5፦ አለጣጠፍ

1. ጥላሸትና የሚረግፍ አፈር በመጥረጊያ ይነሣል። ስንጥቅ ጭድ በተቦካበት ጭቃ ይደፈናል፤ ላዩ እበት ይለቀለቃል፤ ፈጽሞ እስኪደርቅም ይጠበቃል።

2. ሥራው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። የላይኛው ሉህ የታችኛውን ጠርዝ አንድ ጣት ያህል እንደ ሣር ክዳን ይደርባል። ሉሁ በጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ይዳበሳል። አየር ታምቆ የቀረበት ቦታ ያብጣል፤ እብጠቱንም አስፈጻሚው «ሆን ተብሎ የተሠራ» ሊለው አይችልም።

3. ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ መለጠፍ ክልክል ነው፤ በክረምት ሙጫ ሳይደርቅ ይሻግታል። የልጃገረዶች በዓል የሆነው ሻደይ ነሐሴ 16 ሲገባ ቤቱን በአዲስ ወረቀት ለማሳየት የሚፈልግ ሰው ግንቦት ላይ ጨርሶ ይጠብቅ። በነሐሴ የለጠፈ፣ ልጃገረዶቹ ጨዋታቸውን ሳይጨርሱ ርዕሰ አንቀጹ ከወለል ቢወድቅበት አቤቱታው ተቀባይነት አያገኝም።

አንቀጽ 6፦ ስለ ገጽና ስለ ሹም

1. የጋዜጣ ሉህ ሁለት ገጽ ያለው ሲሆን ግድግዳ አንዱን ብቻ ያሳያል። ወደ ጭቃው የዞረው ገጽ እንደ መንግሥት ምስጢር ይጠበቃል።

2. በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ፎቶ ቀና ተደርጎ ይለጠፋል። ሹሙ ሲወርድ ፎቶው አይላጥም፤ ወረቀት ሲላጥ ጭቃውን ይዞ ይመጣልና። ከላዩ ሌላ ሉህ ይደረብበታል። በዚህ ሥርዓት 1966 እና 1983 ዓ.ም. በአንድ ግድግዳ ላይ፣ በሙጫ ውፍረት ብቻ ተለያይተው፣ ያለ ጠብ ይኖራሉ።

አንቀጽ 7፦ የማንበብ መብት

1. ከግድግዳ ላይ ፊደል መቁጠር ለማንም አይከለከልም። ሉሁ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ እንደሆነ፣ መዝገብ ቤቱ መደብ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ራሱን ወደ ወለሉ አንጠልጥሎ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እየሳበ ያነባል። እናቱ «ደም ወደ ራስህ ይወርዳል» ብትለውም አንቀጹን እስኪጨርስ ጊዜ ይሰጠዋል።

2. በገጽ 1 ተጀምሮ «ወደ ገጽ 7 ዞሯል» የተባለ ዜና ቀሪው በጎረቤት ግድግዳ ላይ ከተገኘ፣ ጎረቤት እንደ ውኃ መንገድ ሁሉ የንባብ መንገድ የመስጠት ግዴታ አለበት። ግዴታው ቡና በተፈላ ጊዜ ይጸናል፤ በበረካም ያበቃል።

3. ገጽ 7 በየትም ቤት ካልተገኘ፣ የዜናውን መጨረሻ በዕድሜ አንጋፋው ሰው ይወስናል።

አንቀጽ 8፦ ቀረጥና የውጭ ተሞክሮ

1. እንግሊዝ በ1712 እ.ኤ.አ. በግድግዳ ወረቀት ላይ ቀረጥ ጥላ፣ ያነሣችው በ1836 ነው። በዚህ አዋጅ ግን ወረቀቱ ጋዜጣ ሳለ ስለ ተከፈለበት ዳግመኛ አይቀረጥም።

2. ኬሚስቱ ካርል ሼሌ በ1775 እ.ኤ.አ. የቀመመው አረንጓዴ ቀለም አርሰኒክ ስለ ነበረበት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሳሎኖች ከግድግዳቸው መርዝ ያገኙ ነበር። የጋዜጣ መርዝ ካነበቡት በቀር ስለማይተላለፍ የተለየ ጥንቃቄ አላስፈለገም።

አንቀጽ 9፦ እሳት፣ አይጥና ትኋን

ኩራዝ ከወረቀት ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ። አይጥ ለሙጫው ብላ ዜናውን ብትቆርጥ በሳንሱር አትከሰስም። ከወረቀቱ ጀርባ የሰፈረ ትኋን ግን ሕገ ወጥ ሰፋሪ ነው፤ ሲፈናቀልም ካሣ አይከፈለውም።

አንቀጽ 10፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

1. ግድግዳውን በሲሚንቶ የለሰነ ሰው ዎልፔፐር እንዲለጥፍ ተፈቅዶለታል። በሚፈረፈር ጭቃ ላይ የለጠፈው ግን ክብደቱ ምርጊቱን ይዞለት ሲወርድ በአዋጁ አያመካኝ።

2. ዜና ወደ ስልክ ከገባ ወዲህ ለግድግዳ የሚተርፍ ጋዜጣ አንሷል። ስልክ ስለማይለጠፍ፣ በእጅ ያሉት አሮጌ ሉሆች ሳይላጡ እንዲቆዩ ታዟል። ቤት የሚፈርስ ከሆነ መዝገብ ቤቱ ከድንጋዩ በፊት ወረቀቱን አንብቦ እንዲጨርስ ይፈቀድለታል።

አንቀጽ 11፦ የተሻሩ ሕጎች

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ተሽሯል። የተሻረው ሕግ ሉህ ግን ሰፊ ከሆነ ለበሩ ጀርባ ያገለግላል።

አንቀጽ 12፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ሥልጣን ባለው አካል እጅ ሙጫ ተቀብቶ ከተለጠፈ በኋላ፣ ሙጫው ከደረቀበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።